ዝምታ መልስ ነውን?



ሰው ደብዳቤ ቢጽፍልን መልስ የመስጠት ግዴታ አለብን? ጻፉልን ብለን የጠየቅን እኛው ብንሆንስ? ደግሞስ መልስ የሚጠብቀው ሰው መልሱ እስኪመጣ ድረስ እንዴት ሆኖ መኖር ይገባዋል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መነሻ የሆነኝ ነገር ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ርቆ የሚገኝ ነው። ይኸውም ወጣት ደራስያን የልብ ወለድ ረቂቃቸውን ለድርሰት ወኪል ልከው ምላሽ የሚጠብቁበት ነገር ነው። ነገሩ የባዕድ አገር ጉዳይ ቢመስልም ወደ እኛ ጓዳ መግባቱ አልቀረም። ዲናው መንግሥቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007፣ መዓዛ መንግሥቴ ደግሞ በ2010 የመጀመሪያ ልብ ወለዶቻቸውን በእንግሊዝኛ አሜሪካ ውስጥ አሳትመዋል። የመዓዛም ሁለተኛ መጽሐፍ በ2020 ለቡከር ሽልማት ከቀረቡት የመጨረሻ ዕጩዎች አንዱ ነበር። እንግሊዝኛ የሚቀናቸው የእኛ ወጣቶች፣ እዚህም ያሉት በውጭ አገርም ያሉት፣ ይህን አይተው «እኛስ ብንሞክር?» ማለታቸው የሚያስገርም አይደለም።

የድርሰት ወኪል ማለት በደራሲውና በአሳታሚው መካከል የሚቆም ሰው ነው። በአሜሪካና በእንግሊዝ ትልልቆቹ አሳታሚ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ከደራሲው እጅ በቀጥታ የመጣ ረቂቅ አይቀበሉም፤ በወኪል በኩል ይምጣ ይላሉ። ሙያው አዲስ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ኤ ፒ ዋት የተባለ ስኮትላንዳዊ በለንደን ከተማ ደራስያንን ወክሎ ከአሳታሚዎች ጋር ይደራደርና ከሚገኘው ገንዘብ ከመቶ 10 ይወስድ ነበር። ዛሬ በአገር ውስጥ ሽያጭ ከመቶ 15፣ በውጭ አገርና በትርጉም ሽያጭ ከመቶ 20 መውሰድ የተለመደ ነው። (ረቂቅህን ለማንበብ ብቻ አስቀድመህ ገንዘብ ክፈል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ግን ያ ሰው ወኪል አይደለም፤ ሽሹት።)

ደራሲው መጀመሪያ የሚልከው መጽሐፉን አይደለም። አንድ ገጽ የምትሆን ማስተዋወቂያ ደብዳቤ፣ የታሪኩን አጭር መግለጫና የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ገጾች ይልካል። ወኪሉ ከወደደው ሙሉውን ረቂቅ ይጠይቃል። ሙሉውንም ከወደደው ይፈራረማሉ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ወኪሉ በተራው ለአሳታሚዎች ይልክና እርሱም ይጠብቃል። መጠበቅ በመጠበቅ ላይ እየተደረበ ይሄዳል ማለት ነው። ቀድሞ በፖስታ ዘመን ደራሲው የገዛ ራሱን አድራሻ የጻፈበትና ቴምብር የለጠፈበት ባዶ ፖስታ ከረቂቁ ጋር አብሮ ይልክ ነበር፤ እንቢታው እንኳ በራሱ ወጪ ይመለስለት ዘንድ። ዛሬ ሁሉም በኢሜይልና በኮምፒዩተር ቅጽ ሆኗል። መላክ ስለ ቀለለ የሚላከው በዛ፤ የሚላከው ስለ በዛ መልሱ ጠፋ። አሁን ብዙ ወኪሎች በማስታወቂያቸው ላይ፣ በዚህን ያህል ሳምንት ውስጥ ካልጻፍንላችሁ አልፈለግነውም ማለት እንደ ሆነ እወቁት የሚል ቃል አስቀምጠዋል። ዝምታ በደንብ ተደንግጎ መልስ የሆነበት ዘመን ነው።

በእኛ አገር ይህ ሙያ ሥር አልሰደደም። የእኛ ደራሲ ብዙውን ጊዜ ረቂቁን ታቅፎ ማተሚያ ቤት ይሄዳል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ይበደራል፣ ያሳትማል፣ ከዚያም ከአከፋፋይ ጋር ሲጨቃጨቅ ይከርማል። መጠበቅ ግን እኛም ዘንድ ነበር፤ ያውም የከፋው ዓይነት። በደርግ ዘመን ረቂቅ የሚጠብቀው የሳንሱርን ቢሮና የመንግሥት የነበረውን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅትን ነበር። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ከኅትመት በፊት የሚደረገው ምርመራ በሕግ የቀረው በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ አዋጅ ነው። ይህን ያነሣሁት የኒው ዮርክ ወኪል ዝም አለኝ ብሎ የሚያዝን ወጣት ኀዘኑን በልኩ ይመዝነው ዘንድ ነው እንጂ ኀዘኑን ለማቃለል አይደለም። ጥርሱን የታመመን ሰው የሆድ ሕመም ይብሳል ብሎ ማጽናናት አይቻልምና።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በመጀመሪያ ለወኪሉ ልፍረድለት። አንድ መጽሐፍ በ10,000 ዶላር ቢሸጥ የወኪሉ ድርሻ 1,500 ዶላር ነው፤ ያልተሸጠ እንደ ሆነ ግን አንዳች አያገኝም። የማያውቃቸውን ሰዎች ደብዳቤ ለሚያነብበት ሰዓት የሚከፍለው የለም። የቀኑ ጊዜ አስቀድሞ ለተፈራረማቸው ደራስያን ነው፤ የእንግዶቹን ደብዳቤ የሚያነብበው ከተረፈው ሰዓት ቆርሶ፣ ምናልባትም በማታና በሰንበት ነው። በገበያ መሐል ዕቃውን ለሚያሳየኝ ነጋዴ ሁሉ ለምን እንዳልገዛሁት ማስረዳት አይጠበቅብኝም። እንዲህም ሆኖ መልካም ወኪል ሦስት መስመር የአክብሮት እንቢታ ሲጽፍ፣ አንዳንዱ ተቀባይ ስድብ መልሶ ይልክለታል። በዚህ የተሰላቸ ሰው ዝም ማለትን ቢመርጥ ክፉ ነው ብዬ ለመፍረድ አልደፍርም።

ነገር ግን ምሳሌው እስከ መጨረሻው አይሄድም። በገበያ ያገኘኝን ነጋዴ እኔ አልጠራሁትም። ወኪሉ ግን ላኩልኝ፣ በዚህ አድራሻ፣ በዚህን ያህል ገጽ፣ በዚህ ዓይነት ፊደል ብሎ ጠርቷል። እንግዳን ኑ ብሎ ጠርቶ ደጅ ላይ አቁሞ መተው በአገራችን ምን እንደሚባል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጠቢቡ ሰሎሞን በመጽሐፈ ምሳሌ፣ በእጅህ ያለውን ነገር ለባልንጀራህ ነገ ተመለስ እያልህ አታመላልሰው ሲል የሚመክረው ስለ ገንዘብ ብቻ አይመስለኝም። «አይሆንም» የምትለው ቃል በወኪሉ እጅ ያለች ንብረት ናት፤ ለእርሱ ዋጋ የላትም፤ ለሚጠብቃት ሰው ግን የወራት እንቅልፍ ናት።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ዝምታው አስቀድሞ ከተነገረ፣ ቀኑም ከተቆረጠ፣ ደካማም ቢሆን መልስ ነው፤ የላከው ሰው ደንቡን አውቆ ልኳልና ተበደልሁ ሊል አይችልም። ሙሉውን ረቂቅ አምጣ ብሎ ጠይቆ፣ ተቀብሎ ዝም የሚል ግን ዕዳ አለበት። አምጣ ማለቱ ቃል ኪዳን ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ የጊዜ ማጠር ሳይሆን የሌላውን ሰው ሕይወት እንደ ራስ ሕይወት አለመቁጠር ነው። ጌታችን በተራራው ስብከት ቃላችሁ አዎን ወይም አይደለም ይሁን ሲል ሦስተኛ መንገድ አልተወልንም።

ይህን በባዶ ሜዳ የምከራከረው አይደለም። ከማኅበራችን አባላት አንዲት እኅት አለች፤ ስሟን አልጠራም። ልብ ወለዷን በሁለት ዓመት ተኩል ጨርሳ ለ11 ወኪሎች ደብዳቤ ላከች። አራቱ በአጭሩ እንቢ አሉ፤ ስድስቱ ዝም አሉ። አንደኛዋ ወኪል ግን ደብዳቤሽን ወድጄዋለሁ፣ ሙሉውን ላኪልኝ አለቻት። ያን ዕለት በመዝሙር ልምምድ ላይ ፊቷ ሲበራ ሁላችንም አይተናል፤ ምክንያቱን ያወቅን ጥቂቶች ነበርን እንጂ። ሰባት ወር አለፈ። ሁለት ጊዜ በትሕትና ጠየቀች፤ መልስ የለም። በእነዚህ ሰባት ወራት አንዲት ገጽ አልጻፈችም። ለምን ብዬ ብጠይቃት የሰጠችኝ መልስ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ፦ «እግዚአብሔር በሩን የዘጋው ይመስለኛል» አለችኝ።

ልብ በሉ። አንዲት በኒው ዮርክ የምትኖር፣ ምናልባት የታመመች፣ ምናልባት ሥራ የለወጠች፣ ምናልባትም በቀላሉ የዘነጋች ሴት ኢሜይል አልመለሰችም። እኅታችን ግን በዚህ ውስጥ የፈጣሪን ፍርድ ሰማች። ይህ ትሕትና ይመስላል፤ እኔ ግን አደገኛ ስሕተት ነው እላለሁ። የአንድን ሰው ሥራ መብዛት ወይም ቸልተኝነት የእግዚአብሔር ድምፅ ነው ማለት፣ ሳናውቀው ያንን ሰው በእግዚአብሔር ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነው። ነቢዩ ዳዊት ዝም አትበለኝ ብሎ ወደ አምላኩ ሲጮህ፣ የሚጮኸው ልብንና ኩላሊትን ወደሚመረምረው ነው። ወኪሏ የመረመረችው፣ መርምራውም ከሆነ፣ የታይፕ ገጾችን ነው። ልብንማ ከየት ታውቀዋለች!

መምህሮቻችን ስለ መጠበቅ ሲያስተምሩን ብዙ ጊዜ ስምዖን አረጋዊን ያነሡልናል። ሊቃውንቶቻችን እንደሚተርኩት ስምዖን በንጉሥ በጥሊሞስ ዘመን ብሉያትን ከዕብራይስጥ ወደ ጽርእ ከተረጎሙት ሊቃውንት አንዱ ነበር። የነቢዩ ኢሳይያስን ትንቢት ሲተረጉም ድንግል መፅነሷን ተጠራጠረ፤ ነገሩን በዐይኑ እስኪያይም ሞት እንደማይቀምስ ተነገረው። ከዚያ በኋላ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት አለፉ። የካቲት 8 ቀን የምናስበው ይህ አባት ሕፃኑን በክንዱ እስኪታቀፍ ድረስ የጠበቀው በአንድ የጽሑፍ ቃል ምክንያት ነው። ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ያለ አይመስልም። እኔ ግን ምሳሌው ለእኛ ነገር አይሆንም ባይ ነኝ። ስምዖን የጠበቀው ተስፋ ተሰጥቶት ነው። ለእኅታችን መጽሐፍሽ ይታተማል ብሎ ተስፋ የሰጣት ማንም የለም፤ እግዚአብሔርም ወኪሏም። ተስፋ የተሰጠበትን ነገር መጠበቅ እምነት ነው። ተስፋ ያልተሰጠበትን ነገር በዚያው መንገድ፣ እጅን አጣጥፎ፣ ዓመት ከዓመት መጠበቅ ግን እምነት ሊባል አይችልም፤ ትዕግሥት ብለን ስም ብናወጣለትም ስሙ አይገባውም።

እዚህ ላይ ደግሞ ወጣቶችን ለማበርታት ተብለው የሚነገሩ ታሪኮችን በጥንቃቄ መስማት ያስፈልጋል። የሃሪ ፖተርን ደራሲ የጄ ኬ ሮውሊንግን ታሪክ ያልሰማ ተማሪ የለም። የመጀመሪያው ወኪል እንቢ አላት፤ ሁለተኛው ተቀበላት፤ ከዚያም 12 አሳታሚዎች መለሱባት፤ በመጨረሻ ብሉምስበሪ የተባለው ቤት በ1997 እ.ኤ.አ. በጠንካራ ሽፋን 500 ቅጂ ብቻ አትሞ ጀመረ። ታሪኩ እውነት ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ታሪክ የምንሰማው መጨረሻው ስላማረ ብቻ ነው። 12 ጊዜ፣ 30 ጊዜ፣ 50 ጊዜ እንቢ ተብለው በዚያው የቀሩትን ማን ይተርክልናል? ጽና፣ አንተም እንደ እርሷ ትሆናለህ የሚለው ምክር ተስፋ ያልሰጠውን ሰው አስመስሎ ተስፋ መስጠት ነው።

ከዚህ ይልቅ ለእኔ ትምህርት የሆነኝ የጆን ኬኔዲ ቱል ታሪክ ነው። ቱል በኒው ኦርሊንስ የተወለደ መምህር ነበር። በፖርቶ ሪኮ ወታደር ሆኖ ሲያገለግል «ኤ ኮንፌደሬሲ ኦቭ ዳንስስ» የተባለ ልብ ወለድ መጻፍ ጀመረ፤ በ1964 እ.ኤ.አ. ለአንድ ታላቅ የኒው ዮርክ አሳታሚ ቤት ላከው። መጽሐፉ ሳይታተም ቀረ፤ ቱልም በ1969 በ31 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። እናቱ ወይዘሮ ቴልማ ረቂቁን ይዘው ከአሳታሚ ወደ አሳታሚ ተንከራተቱ። በ1976 በከተማው ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረውን ደራሲ ዎከር ፐርሲን ካላነበብህልኝ ብለው ያዙት፤ እንደዚያች በወንጌል እንደምትነገረው ዳኛውን እንዳሰለቸችው መበለት። ፐርሲ ሳይወድ ማንበብ ጀመረ፤ ማቆምም አቃተው። መጽሐፉ በ1980 በሉዊዚያና ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ወጣ፤ በ1981 የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው የሚተርከው፣ ጨካኝ አሳታሚ አንድ ሊቅ ገደለ በሚል ነው። ነገሩ እንደዚያ አልነበረም። የአሳታሚ ቤቱ አዘጋጅ ዝም አላለውም፤ ለሁለት ዓመት ያህል ተጻጽፈዋል። ችሎታውን አድንቆለታል፣ መጽሐፉ መቋጫ የሚሆን ፍሬ ነገር ጎድሎታል ብሎታል፣ አስተካክለው ብሎታል። መልስ አግኝቷል፤ ያውም ብዙ ደራሲ የማያገኘውን ረጅም መልስ። መከራው ከመልስ ማጣት ብቻ የመጣ አልነበረም፤ አእምሮው በከባድ ሕመም ተይዞ ነበር። እንግዲህ እኔ ከላይ መልስ ዕዳ ነው ብዬ የተከራከርሁት፣ መልስ ሁሉን ይፈውሳል ብዬ እንዳልሆነ በዚህ ይታወቅልኝ። መልስ የሚገባው ስለሚጠቅም ብቻ አይደለም፤ ባይጠቅምም ይገባል። ደግሞም ከመካከላችን በመጠበቅ ብዛት ዓለም የጨለመበት ሰው ካለ፣ ነገሩ የመጽሐፍ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷልና ለንስሐ አባቱም ለሐኪምም ለጓደኛም ሳይውል ሳያድር ይንገር።

የእኛ አገር የአብነት ትምህርት ቤት ይህን ነገር በሌላ መንገድ ፈትቶታል። የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ቀስ በቀስ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይደርሳል። ቀኑን ዛፍ ሥር ወይም ጫካ ገብቶ ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል። ከዚያ መምህሩ ፊት ቆሞ የደረሰውን ይነግራል። መምህሩ እዚያው ያርመዋል፤ ቤቱ ከተሰበረ ተሰብሯል ይለዋል፣ ምሥጢሩ ከተፋለሰ ያቃናለታል፤ ካማረለትም «ይበል!» ይባልለታል። ተግሣጹ አንዳንዴ መራራ ነው ይላሉ ያለፉበት። ነገር ግን ቅኔው ተሰምቶ ይሁን አይሁን ሳያውቅ ወር የሚከርም ተማሪ የለም። ነገ ደግሞ ሌላ ቅኔ ይቆጥራል። የትናንቱ ፍርድ ለነገው ሥራ ስንቅ ይሆነዋል።

እርግጥ መምህሩ የተማሪዎቹን ስም ያውቃል፤ ኒው ዮርክ ያለችው ወኪል የእኅታችንን ስም አታውቀውም። ዓለሙን ሁሉ የቅኔ ጉባኤ እናድርገው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን የቅኔው ተማሪ ያገኘው ነገር ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ፣ ሥራው በአንድ ሰው ፍርድ ላይ ተንጠልጥሎ አለመቅረቱ ነው። ለዚህ የሚጠብቀው ሰው ራሱ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። ቀን መቁረጥ ነው። ሙሉ ረቂቅ ሰጥቼ ሦስት ወር እጠብቃለሁ፣ አንድ ጊዜ እጠይቃለሁ፣ ከዚያ ለሌላው እልካለሁ ማለት ነው። በዚያው መካከል ሁለተኛውን መጽሐፍ መጀመር ነው። ለእኅታችንም ይህንኑ ነግሬአታለሁ። ገበሬ ዘሩን በትኖ ዝናብ ሲጠብቅ በሬውን ይቀልባል፣ አጥሩን ይጠግናል፣ ማረሻውን ያስተካክላል፤ ከማሳው ዳር ቁጭ ብሎ ሰማይ ሰማይ ሲያይ አይውልም። «ወኪሏ ከጊዜው በኋላ ብትጽፍልኝስ?» አለችኝ። ብትጽፍማ ሁለት መጽሐፍ ይኖርሻል አልኋት። ሳቀች፤ ይጀምሩ አይጀምሩ እንጃ፣ እስካሁን አልጠየቅኋትም። መጠየቄም ራሱ ሌላ መጠበቅ እንዳይሆንባት ፈራሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የባሕር ማዶ ወኪሎችን ዕዳ ይህን ያህል ከቆጠርሁ፣ የቤታችንንም መቁጠር ይገባኛል። በአዳራሻችን በር አጠገብ ጽሑፎቻችሁን እዚህ አስገቡ የሚል ሣጥን ተሰቅሏል። ላኩልኝ ያለ ሰው ዕዳ አለበት ካልን፣ ይህም ሣጥን ጠርቷል። የዝግጅት ክፍሉን ወንድሞችና እኅቶች ልወቅስ አይደለም፤ ከትምህርትና ከሥራ በተረፈ ጊዜያቸው እንደሚደክሙ አውቃለሁ፤ ይህችም ጽሑፍ በእነርሱ እጅ ነው የምታልፈው። ነገር ግን ስጠይቅ እንደተነገረኝ ከመስከረም ወዲህ 23 ጽሑፎች ገብተዋል። የታተሙት ዘጠኝ ናቸው። ስለ ቀሩት 14ቱ ለባለቤቶቻቸው የተነገረ ነገር የለም። ከእነዚያም ሁለቱ በእርሳስ የተጻፉ፣ የሕፃናት ክፍል ልጆች ግጥሞች ናቸው፤ አንደኛው ጸሐፊ ከስሙ በታች ዕድሜውን ጽፏል፣ ዘጠኝ ዓመት።

ረጅም አስተያየት አልጠይቅም። አንብበነዋል፣ በዚህ ምክንያት አላወጣነውም፣ ወይም በሚቀጥለው እትም ይወጣል የምትል አንዲት መስመር፣ ወይም ከጉባኤ በኋላ በቃል ጠርቶ መንገር ይበቃል። 14 ሰው ነው። ለአራት የዝግጅት ክፍል አባላት ቢከፋፈል ለአንዱ ሦስት ወይም አራት ይደርሰዋል። የክፍሉ ስብሰባ በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ ሣጥኑ እዚያ ተከፍቶ ስሞቹ እንዲነበቡ ጠይቄአለሁ፤ የሕፃናቱን ሁለቱን እኔ ራሴ አድርሳለሁ ብያለሁ።